«አንድ ፊርማ ብቻ ናት» ሲሏችሁ፦ ለዘመድ ብድር ዋስ ከመሆን በፊትና በኋላ

አክስቴ ከደብረ ሲና ሲመጡ ባዶ እጃቸውን መጥተው አያውቁም። ያን ቀንም አንድ ፌስታል ቆሎ ይዘው ነበር። ቡናው እስኪፈላ ስለ ጤና፣ ስለ እህሉ፣ ስለ ደብረ ብርሃን ብርድ ተጫወትን። ቶናው ላይ ነገሩን አነሱት። ልጃቸው ባጃጅ ሊገዛ ነው። የብድሩ ነገር አልቋል፤ የቀረው ዋስ ነው። ደመወዝተኛ ዋስ።

«ልጄ፣ አንድ ፊርማ ብቻ ናት» አሉኝ።

አስተማሪ ነኝ። ደመወዜ ብዙ አይደለም፤ ግን በየወሩ ትገባለች። አበዳሪ የሚፈልገው ደግሞ ይህንኑ ነው። በማግስቱ ሄጄ ፈረምኩ። ፎርሙ ሦስት ገጽ ነበር። እኔ ያየሁት ስሜ በትክክል መጻፉን ብቻ ነው።

በአሥራ አንደኛው ወር የደመወዝ መልእክት ስልኬ ላይ ገባ። ቁጥሩን አየሁት። ደግሜ አየሁት። ጎድሏል። ቅነሳው ከዚያ በኋላ 14 ወር ቆየ።

የአክስቴ ልጅ አታላይ አልነበረም። ይህን አስቀድሜ መናገር እፈልጋለሁ። ሌሊት ሳይነጋ ተነስቶ የሚሠራ ልጅ ነው። የባጃጇ ሞተር ወረደ። ማሠሪያ አጣ። ቆመች። እሱም የቀን ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ገባ፤ ከሐፍረቱ የተነሳ ስልክ ማንሳት አቆመ። እኔ ስፈርም ራሴን የጠየቅኩት «ልጁ ጨዋ ነው ወይ?» ብዬ ነው። ጨዋ ነው። ግን ጥያቄው እሱ አልነበረም። ዋስ የሆንኩት ለልጁ ጠባይ ሳይሆን ለባጃጇ ሞተር ነበር። ሸዋ ሮቢት ላይ ለሽንኩርት ብድር ዋስ የሚሆን ሰው ለገበያው ዋጋ ዋስ ሆኗል። መንዝ ላይ ለበግ ማድለቢያ የሚፈርም ለመኖውና ለበሽታው ፈርሟል። ይህን ያኔ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ብዬ ነው ይህን መመሪያ የምጽፈው።

ጠበቃ አይደለሁም። ከታች ያለው በራሴ የደረሰውንና ከዚያ በኋላ ሕጉን ገልጬ፣ ሰው ጠይቄ የተማርኩትን ነው። ቤት ወይም ብዙ ገንዘብ ያለበት ነገር ከሆነ ለአንድ ሰዓት ምክር ጠበቃ መክፈል ይሻላል።

1. ዋስ ማለት ምን እንደሆነ በደንብ ይግባችሁ

«ይህን ሰው አውቀዋለሁ፣ ጨዋ ነው» ማለት ምስክርነት ነው። ዋስትና ግን «እሱ ባይከፍል እኔ እከፍላለሁ» ማለት ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1920 የሚለው ይህንኑ ነው።

በኛ ዘንድ ዋስ የሚለው ቃል ከባድ ነው። በድሮው የፍርድ ሥርዓት ዋስ ያጣ ሰው ከባላጋራው ጋር በሰንሰለት ይቆራኝ ነበር። «ቁራኛ» የሚለው ቃል ከዚያ የመጣ ነው። ለዘመድ ዋስ መሆን ማለት ከሰንሰለት ማስፈታት ነበር። እምቢ ማለት ዛሬም የሚከብደን ለዚህ ይመስለኛል። አሁን ግን ሰንሰለቱ ወረቀት ላይ ነው ያለው፤ የምትታሰሩትም እናንተ ናችሁ።

ሕጉ ሁለት ዓይነት ዋስ ያውቃል። ልዩነቱ ትልቅ ነው።

የመጀመሪያው ተራው ዋስ ነው። ይህ ሰው ሲጠየቅ «መጀመሪያ ወደ ተበዳሪው ንብረት ሂዱ» ብሎ መከራከር ይችላል። ይህን መከራከሪያ ግን ገና መጀመሪያ ሲጠየቅ ማንሳት አለበት። ዝም ብሎ ቆይቶ በኋላ ቢያነሳው አያዋጣም።

ሁለተኛው ከተበዳሪው ጋር በአንድነት ኃላፊ የሆነው ዋስ ነው። አንቀጽ 1933 ላይ አለ። አበዳሪው ተበዳሪውን ሳይጠይቅ፣ ንብረቱንም ሳይነካ፣ በቀጥታ ወደዚህ ዋስ መምጣት ይችላል። እንደ ራሱ ዕዳ ማለት ነው።

እኔ የፈረምኩት ሁለተኛውን ነው። መኖሩንም አላውቅም ነበር።

2. የምትሰጡት ዋስትና በምናችሁ ላይ ነው?

የደመወዝ ዋስትና ደብረ ብርሃን ላይ በጣም የተለመደው ነው። የመሥሪያ ቤታችሁ የሰው ሀብት ክፍል ደብዳቤ ይጽፋል። ቋሚ ሠራተኛ መሆናችሁን፣ የደመወዛችሁን መጠን፣ ብዙ ጊዜም ሌላ ዋስትና እንደሌለባችሁ ይገልጻል። ተበዳሪው ካልከፈለ ከደመወዛችሁ ተቆርጦ ይላካል። ሌላ የማይታይ ነገርም አለው። ዝውውር ስትጠይቁ ወይም ሥራ ስትለቁ ክሊራንስ ላይ ይመጣል። የሥራ ባልደረባዬ የተሻለ ሥራ አግኝታ በወንድሟ ብድር ምክንያት ክሊራንስ እስክታገኝ ወራት ጠብቃለች።

የቡድን ዋስትና ገጠሩ በደንብ የሚያውቀው ነው። ድሮ አብቁተ (የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም) ስንለው የነበረው፣ ዛሬ ፀደይ ባንክ የሆነው ተቋም ገጠሩን ያለማመደው በዚህ መንገድ ነው። ጥቂት ሰዎች ተሰባስበው አንዱ ለሌላው ዋስ ይሆናሉ። አንዱ ካልከፈለ ሌሎቹ ይጠየቃሉ። እዚህ ላይ አደጋው ቡድኑ በዝምድና ሲሞላ ነው። ወንድም፣ አማች፣ የአጎት ልጅ አንድ ቀበሌ ላይ አንድ ዓይነት ሰብል ዘርተው አንድ ቡድን ከሆኑ ውርጭ ሲመታ ሁሉንም ይመታል። የሚከፍል ሰው አይተርፍም።

በቁጠባና ብድር ማኅበራት ውስጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ የምታስይዙት ቁጠባችሁን ነው። የዘመዳችሁ ብድር እስኪያልቅ የራሳችሁን ገንዘብ ማውጣት ላትችሉ ትችላላችሁ። ልጅ ታሞ ብር በምትፈልጉበት ቀን ነው ይህ የሚገባችሁ።

የመጨረሻው ቤት ማስያዝ ነው። በ1990 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 ለባንክ ትልቅ ሥልጣን ሰጥቷል። ዕዳው ካልተከፈለ ባንኩ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄድ፣ ያስያዛችሁትን ቤት በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ስለዚህ እዚህ ላይ አላመነታም፦ የምትኖሩበትን ቤት ለሌላ ሰው ብድር አታስይዙ። ለወንድምም፣ ለእህትም፣ ለልጅም። የገበሬው የመሬት ደብተርም እንደዚሁ ነው። ከዚያ ላይ የሚበላ ቤተሰብ አለ።

3. ፎርሙን ቤት ይዛችሁ ኑ

አበዳሪው ቢሮ ውስጥ ቆማችሁ አትፈርሙ። ሰልፍ አለ፣ ባለሙያው ይቸኩላል፣ ዘመዳችሁ ከጎን ቆሞ ያያችኋል። እንዲህ ሆኖ ማንም ሰው አያነብም። «ኮፒ ስጡኝ፣ ነገ እመጣለሁ» በሉ። አንሰጥም ካሉ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። እሱንም ካልፈቀዱ አትፈርሙ።

ማታ ቁጭ ብላችሁ እነዚህን ፈልጉ።

በመጀመሪያ የገንዘቡን ጣሪያ። አንቀጽ 1922 ዋስትና የተሰጠበት ከፍተኛ መጠን ካልተገለጸ ዋስትናው ውጤት የለውም ይላል። ይህ ለእናንተ የተቀመጠ ጋሻ ነው። «ለብድሩ፣ ለወለዱ፣ ለቅጣቱና ለወጪው ሁሉ» የሚል ዓረፍተ ነገር ብቻ ካለ በቁጥርና በፊደል ጣሪያ እንዲጻፍ ጠይቁ። ክፍት ቦታ ትተው «በኋላ እንሞላዋለን» ካሏችሁ እዚያው አቁሙ። ባዶ ቦታ ያለው ወረቀት ላይ ፊርማ አይቀመጥም።

ቀጥሎ «በአንድነትና በነጠላ» ወይም «በማይነጣጠል ኃላፊነት» የሚሉ ቃላት። እነዚህ ካሉ ሁለተኛው ዓይነት ዋስ ናችሁ። ብዙ አበዳሪዎች ይህን ቃል ከፎርሙ ላይ ለማውጣት ፈቃደኛ አይሆኑም፤ እናንተ ግን አውቃችሁ ግቡ።

ከዚያ ወለዱና የቅጣት ወለዱ። ስንት በመቶ ነው? የሚታሰበው በቀሪው ዕዳ ላይ ነው ወይስ በመጀመሪያው ብድር ላይ? ሁለቱ በጣም ይለያያሉ።

የማሳወቅ ነገርም አለ። ተበዳሪው አንድ ወር ሲዘል ለዋሱ ይነገራል ወይ? ፎርሙ ላይ ከሌለ «አንድ ክፍያ በተዘለለ ጊዜ ለዋሱ በጽሑፍ ይገለጽ» የሚል እንዲጨመር ጠይቁ። ካልጨመሩት ይህንኑ የሚጠይቅ ደብዳቤ ጻፉና ቅጂው ላይ ማኅተም አስመቱ። እኔ ስለ መዘለሉ የሰማሁት ከደመወዜ ነው። ቀድሜ ሰምቼ ቢሆን ኖሮ ባጃጇ ገና ዋጋ እያላት ትሸጥ ነበር።

ዋስትና በጽሑፍ መሆን እንዳለበት ሕጉ ያዛል። የጽሑፍ ውል ደግሞ የተዋዋዮቹንና የሁለት ምስክሮችን ፊርማ ይፈልጋል። ምስክሮቹ እነማን እንደሆኑ ዕወቁ፤ ስማቸውን መዝግቡ።

4. ሂሳቡን በወረቀት ሥሩ

ይህን ክፍል አትዝለሉት። እኔ ብሠራው ኖሮ ሌላ ነገር ባልፈለግኩ።

እንበል ብድሩ 200 ሺህ ብር ነው። በ3 ዓመት፣ በየወሩ የሚከፈል፣ ወለዱ በዓመት 18 በመቶ በቀሪው ዕዳ ላይ የሚታሰብ። የወር ክፍያው 7 ሺህ 230 ብር ገደማ ይሆናል። በ36 ወር ሲባዛ 260 ሺህ ይደርሳል። ስለዚህ «የ200 ሺህ ዋስ ነኝ» ስትሉ የ260 ሺህ ዋስ ናችሁ። ቅጣቱ ገና አልተቆጠረም።

አሁን ተበዳሪው 10 ወር ከፍሎ አቆመ እንበል። ቀሪው ዕዳ 155 ሺህ ብር አካባቢ ነው። ደመወዛችሁ 12 ሺህ ብር ቢሆን፣ በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ከወር ደመወዝ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከሲሶው መብለጥ የለበትም። ለመንግሥት ሠራተኛም ይኸው የሲሶ ወሰን አለ። ሲሶው 4 ሺህ ብር ነው።

ይህ ጥሩ ጥበቃ ይመስላል። ጥሩም ነው፤ ቤተሰባችሁ አይራብም። ግን የመጀመሪያውን ወር ተመልከቱ። ከ4 ሺህ ብሩ ውስጥ 2 ሺህ 300ው ለወለድ ይሄዳል። ዕዳው የሚቀንሰው በ1 ሺህ 700 ብር ብቻ ነው። በዚህ አካሄድ ዕዳው የሚያልቀው በ58 ወር ገደማ ነው። አምስት ዓመት ሊሞላ ሁለት ወር ሲቀረው ማለት ነው። በአጠቃላይ የምትከፍሉት ከ230 ሺህ ብር ይበልጣል።

ዘመዳችሁ የወሰደው 200 ሺህ ነው። የተወሰነውን ራሱ ከፍሏል። እናንተ ደግሞ ከዚያ ላይ ከብድሩ የሚበልጥ ትከፍላላችሁ።

ይህን ሂሳብ በራሳችሁ ቁጥር ሥሩት። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ይህ ገንዘብ ከዛሬ ጀምሮ በየወሩ ቢወጣ ቤቴ ይቆማል ወይ? መልሱ «አይቆምም» ከሆነ ወደ ክፍል 8 ሂዱ።

5. ለትዳር ጓደኛችሁ ሳትነግሩ አትፈርሙ

ባለቤቴ ስለ ዋስትናው የሰማችው ደመወዙ የጎደለ ዕለት ነው። «ስንት ነው?» አላለችም። «መቼ ነው የፈረምከው?» ነው ያለችው። ዓመት ሊሞላው ነበር። ገንዘቡን በ14 ወር ጨረስነው፤ የዚያች ጥያቄ ነገር ግን ከዚያም በላይ ቆየ።

ሕጉም ከባለቤቴ ጋር ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 68 እንዲህ ይላል፦ በሕጉ ከተቀመጠው ትንሽ የብር መጠን በላይ ለሆነ የሌላ ሰው ዕዳ ዋስ ለመሆን የሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት ያስፈልጋል። መጠኑ በጣም ትንሽ ነው፤ ዛሬ ይህን የማያልፍ ዋስትና የለም። ያልተስማማው ተጋቢ ማወቁን ተከትሎ በ6 ወር ውስጥ፣ በማናቸውም ሁኔታ ግን ዋስትናው በተገባ በ2 ዓመት ውስጥ እንዲፈርስለት ፍርድ ቤት መጠየቅ ይችላል። የአማራ ክልል የራሱ የቤተሰብ ሕግ ስላለው፣ ጉዳዩ እዚህ ሰሜን ሸዋ ከሆነ አንቀጹን ከክልሉ ሕግ አውጥታችሁ ተከራከሩ።

አንዳንዱ ሰው ፎርሙ ላይ «ያላገባ» ብሎ ይሞላል። ይህን በፍጹም አታድርጉ። ሐሰተኛ ቃል ይሆንባችኋል፤ ትዳሩንም ያፈርሳል።

6. ዘመዳችሁን ስለ ሥራው ጠይቁት

ስለ ጠባዩ አይደለም። ስለ ሥራው።

ባጃጅ ከሆነ፦ በቀን ስንት ይገባል? ቤንዚን ስንት ይበላል? ጎማ፣ መለዋወጫ፣ ኢንሹራንስ፣ ቦሎ? ሞተር ቢወርድ ማሠሪያው ከየት ይመጣል? ለክረምትስ ምን አስቧል? ሲነግራችሁ በወረቀት ጻፉ። ከቀኑ ገቢ ላይ ወጪውን፣ የራሱን ምግብና የቤት ኪራይ ቀንሱ። የሚተርፈው ከወር ክፍያው እጥፍ ካልሆነ ጠባብ ነው።

በግ ማድለብ ከሆነ የበዓሉን ቀን ቁጠሩ። ለፋሲካ የሚሸጥ በግ ክፍያው ከፋሲካ በፊት የሚጀምር ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ወራት በምን ይከፍላል? ሽንኩርት ከሆነ ሁሉም ሰው አንድ ሳምንት ላይ ሲያወጣ ዋጋው የት እንደሚወርድ ሸዋ ሮቢት ያለ ገበሬ ይነግራችኋል።

ብድሩ ወደ ውጭ አገር ለመሄድ ከሆነ እኔ አልፈርምም። ተበዳሪው ከአገር ይወጣል፤ እዚህ የሚቀረው ዋሱ ብቻ ነው። መንገድ ላይ ምን እንደሚገጥመው ደግሞ ማንም አያውቅም።

ለሠርግና ለተዝካር ከሆነም አይሆንም። ብድሩ ራሱን የሚከፍልበት ነገር የለውም።

7. ለመፈረም ከወሰናችሁ ከዘመዳችሁ ጋር ሌላ ወረቀት ጻፉ

ይህ ሰው የሚያፍርበት ክፍል ነው። «ከአክስቴ ልጅ ጋር ውል?» ትላላችሁ። አዎ። አበዳሪው ከሁለታችሁም ጋር ውል አለው። በሁለታችሁ መካከል ግን ምንም የለም።

ረጅም መሆን አያስፈልገውም። አንድ ገጽ ይበቃል። እንዲህ ያሉ ነገሮችን ይያዝ፦

- እኔ ስለ እሱ የምከፍለው ማንኛውም ገንዘብ በእሱ ላይ ዕዳ ሆኖ እንደሚቆም።
- በየወሩ የከፈለበትን ደረሰኝ ፎቶ በቴሌግራም እንደሚልክልኝ።
- የሁለት ወር ክፍያ የሚያህል ገንዘብ እኛ በተስማማንበት የባንክ ሒሳብ እንደሚያስቀምጥ።
- ሥራው ከቆመ በ15 ቀን ውስጥ እንደሚነግረኝ። ሁለት ወር ከተዘለለ ደግሞ ዕቃው እንደሚሸጥና ገንዘቡ በቀጥታ ለአበዳሪው እንደሚገባ።

ሁለት ምስክሮች ይፈርሙበት። ከምስክሮቹ አንዱ ዘመዱ የሚያከብረው ትልቅ ሰው ይሁን። እኔ ዛሬ ብፈርም አክስቴን ራሳቸውን ነበር ምስክር የማደርገው። ያኔ አንድ ፊርማ ብቻ አይደለችም ማለት ነው፤ እሳቸውም አብረው ፈርመዋል።

ከተቻለ ብቻችሁን ዋስ አትሁኑ። ሁለትና ሦስት ሰው ሆናችሁ እያንዳንዳችሁ ለተወሰነ መጠን ብቻ ኃላፊ እንድትሆኑ አበዳሪውን ጠይቁ። «ለ200 ሺህ አልችልም፤ ለ60 ሺህ ግን እፈርማለሁ» ማለት ነውር የለውም።

8. እምቢ ማለት

ይሉኝታ ብዙ ሰው አስፈርሟል። ስለዚህ ቃሉን ቀድማችሁ አዘጋጁ። ቤት ውስጥ ቡና ተፈልቶ፣ ትልቅ ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ ቃል አይመጣም።

በመጀመሪያ ቀን አትመልሱ። «አክስቴ፣ እርስዎን ሰምቼ ዝም አልልም። ከባለቤቴ ጋር ልማከርና እሑድ እደውላለሁ» በሉ። ከዚያ በቀጠሮው ቀን በእውነት ደውሉ። ሰው የሚቀየመው በእምቢታው ሳይሆን በመሸሹ ነው። ስልክ አጥፍቶ የጠፋ ሰው ሁለት ጊዜ ይወቀሳል።

ስትመልሱ ልጁን አትውቀሱ። «ልጁ ይበላዋል ብዬ አይደለም። ሂሳቡን ሠራሁት። እሱ ሁለት ወር ቢቆምበት የልጆቼ ትምህርት ቤት ይቆማል። ይህን መሸከም አልችልም» በሉ። እውነት ነው። እውነትን ደግሞ ትልልቆቹ ይረዳሉ።

ከቻላችሁ ባዶ እጅ አትመልሱ። አቅማችሁ 10 ሺህ ከሆነ 10 ሺህ ስጡ፤ ግን አትመለስም ብላችሁ ስጡ። ወይም ዕቁብ አስገቡትና የመጀመሪያው ዕጣ እንዲሰጠው ሰብሳቢውን ለምኑለት። ወይም አነስ ያለ ብድር እንዲወስድ፣ አዲስ ሳይሆን ያገለገለ ባጃጅ እንዲያይ አብራችሁ ዞሩ። የአንድ ቀን ድካማችሁ ከፊርማችሁ በላይ ይጠቅመዋል።

9. ከፈረማችሁ በኋላ

ሁሉንም ወረቀት በአንድ ፋይል አስቀምጡ። የብድር ውሉ፣ የዋስትና ፎርሙ፣ የክፍያ ሰሌዳው፣ ከዘመዳችሁ ጋር የጻፋችሁት። የመክፈያውን ቀን ስልካችሁ ላይ አስታዋሽ አድርጉ። ያ ቀን ሲያልፍ ደረሰኙ ካልመጣ በማግስቱ ደውሉ። በቁጣ አይደለም፤ «እንዴት ነህ፣ ሥራው እንዴት ነው?» ብላችሁ።

በየሦስት ወሩ ደግሞ አበዳሪው ዘንድ ቀርባችሁ ቀሪውን ዕዳ ጠይቁ። ዘመዳችሁ ተጨማሪ ብድር ሊወስድ ከሆነ በአዲሱ ላይ አለመኖራችሁን አረጋግጡ።

10. መክፈል ካቆመ

የመጀመሪያው የተዘለለ ወር ርካሹ ወር ነው። ያኔ ችግሩ 7 ሺህ ብር ነው። ስድስት ወር ዝም ከተባለ ከ40 ሺህ አልፎ ቅጣት ይዞ ይመጣል።

ዘመዳችሁን ይዛችሁ አበዳሪው ዘንድ ሂዱ። ሳይከሱ በፊት የክፍያ ጊዜው እንዲራዘም በጽሑፍ ጠይቁ። አዲስ ወረቀት ፈርሙ ከተባላችሁ እንደ መጀመሪያው ቀን አንብቡት፤ ጣሪያው ከፍ እንዳይል።

ዕቃው ካለ ቶሎ ይሸጥ። የቆመች ባጃጅ በየወሩ ዋጋዋ ይወርዳል። ጎማዋ ይሄዳል፣ ባትሪዋ ይሞታል፣ ከዚያ ሌላውም ይፈታል። የአክስቴን ልጅ ባጃጅ በመጨረሻ ስናያት ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ ነበር። ከሸራው ሥር ዶሮ ታቅፋለች። ሊብሬውን ይዘን ገዢ እስክናገኝ ሌላ ሦስት ወር ሄደ።

የፍርድ ቤት መጥሪያ ከመጣ ፈጽሞ አትተዉት። በቀጠሮው ቀን ቅረቡ፤ መልሳችሁን በጽሑፍ ስጡ። ያኔ ነው የጣሪያው ነገር፣ የትዳር ጓደኛ ስምምነት፣ «መጀመሪያ ተበዳሪው ይጠየቅ» የሚለው መከራከሪያ የሚነሳው። ካልቀረባችሁ ግን ጉዳዩ በሌላችሁበት ታይቶ ይወሰናል።

ከፍላችሁ ከሆነ ገንዘቡ የእናንተ ነው። የከፈለ ዋስ ከተበዳሪው የማስመለስ መብት አለው። በአበዳሪው እግር ይተካል ማለት ነው፤ ሌሎች ዋሶች ካሉም ድርሻቸውን መጠየቅ ይችላል። ለዚህ ግን ማስረጃ ያስፈልጋል። ከመክፈላችሁ በፊት «ልከፍል ነው» ብላችሁ ለተበዳሪው በጽሑፍ አሳውቁ። ደረሰኙ በራሳችሁ ስም ይሁን፤ «በዋስትና ስለ እገሌ የተከፈለ» የሚል ይኑርበት። ከደመወዝ የተቆረጠ ከሆነ የየወሩን ዝርዝር ከፋይናንስ ክፍል አስወጡ።

ከዚያ መጀመሪያ በሽማግሌ ነው። እኛም እንዲሁ አደረግን። ሦስት ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ አክስቴም ነበሩ። ልጁ አንገቱን ደፍቶ መጣ። ከባጃጇ ሽያጭ የቀረውን ዕዳ ዘጋን። ለእኔ ደግሞ በየወሩ 1 ሺህ 500 ብር እየመለሰ ነው። ሽማግሌዎቹ የወሰኑትን በወረቀት አስፈርመን አስቀምጠናል። ያ ወረቀት ባይኖር ፍርድ ቤት መሄድ ሊኖርብኝ ነበር፤ ያንን ደግሞ በአክስቴ ፊት ማድረግ አልፈልግም።

የመጨረሻው ሥራ ብዙ ሰው የሚረሳው ነው። ዕዳው ሲያልቅ ከአበዳሪው «ከዋስትና ነጻ» የሚል ደብዳቤ ተቀበሉ። አንዱን ቅጂ ለመሥሪያ ቤታችሁ የሰው ሀብት ክፍል አስገቡና ፋይላችሁ ውስጥ መግባቱን በዓይናችሁ እዩ። የደመወዝ ቅነሳው በሚቀጥለው ወር መቆሙንም አረጋግጡ፤ የእኔ አንድ ወር ተጨምሮ ተቆርጦ ነበርና ለማስመለስ ሁለት ጊዜ ተመላልሻለሁ። ደብዳቤው አሁን ከልጆቼ የልደት ካርድ ጋር አንድ ፌስታል ውስጥ ነው። ባለቤቴ ናት ያስቀመጠችው።